የማሞቂያ መኪና ጩኸትና መድኃኒቱ

አንባቢ ሆይ፤ በአገራችን ብርድ ሲጠና መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ጋቢ ይደረባል፤ በር ይዘጋል፤ ከሰል ይቀጣጠላል፤ ቡና ይፈላል። የደብረ ብርሃን ሰው እንኳ፣ ብርዱ በስም የታወቀ ሆኖ ሳለ፣ ብዙውን ጊዜ ከዚህ አልፎ አይሄድም። ቤትን በሙሉ፣ ከሳሎን እስከ መታጠቢያ ቤት፣ በአንድ መኪና ማሞቅ ለብዙዎቻችን በወሬ የምንሰማው ነገር ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ ወንድም፣ እኅት ወይም አብሮ አደግ በሰሜን አሜሪካ ያለው ሰው በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ይገኛል። ለትምህርት ወደዚያ ለመሄድ ወረቀቱን አስገብቶ መልስ የሚጠባበቅም አለ። እነዚህ ሰዎች ስለ በረዶው አስቀድመው ሰምተዋል፤ ወፍራም ካፖርት እንዲገዙም ተመክረዋል። ስለ ጩኸቱ ግን የነገራቸው የለም።

ጩኸቱ የሚመጣው ከማሞቂያው መኪና ነው። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ ወይም በሚኒሶታ አዲስ የደረሰ ኢትዮጵያዊ ብዙ ጊዜ የሚከራየው ከቤቱ ሥር ያለውን ምድር ቤት ነው፤ ኪራዩ ረከስ ይላልና። ማሞቂያውም የሚቀመጠው እዚያው ምድር ቤት ነው። ስለዚህ እንግዳው አልጋውን የሚዘረጋው ከመኪናው ጎን ነው ማለት ነው፤ በመካከላቸው ያለው አንዲት ስስ ግድግዳ ብቻ ነች። በሚኒያፖሊስ ከተማ በእነርሱ ክረምት የሌሊቱ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ መድረሱ ብርቅ ስላልሆነ፣ መኪናውን አጥፍቶ መተኛት አይታሰብም። ሌሊቱን ሙሉ በየሩብ ሰዓቱ ይነሣል፤ ያጓራል፤ ይተኛል፤ እንደገና ይነሣል። አንድ የኮሌጅ ጓደኛዬ ከዚያ በጻፈልኝ ደብዳቤ ከአንበሳ ጋር እንደ ተዳበለ ቈጥሮ ነበር። የፊዚክስ መምህር ነህና መላ ምታልኝ ስላለኝ ነገሩን ማጥናት ጀመርሁ፤ ይህም ጽሑፍ የዚያ ጥናት ፍሬ ነው።

በመጀመሪያ የመኪናውን ጠባይ እንወቅ። ማሞቂያው ከሰው ትከሻ የማያልፍ የላሜራ ሣጥን ነው። በሆዱ ውስጥ የጋዝ እሳት ይነድዳል። እሳቱና ጭሱ የሚያልፉት በተዘጉ የብረት ቱቦዎች ውስጥ ሲሆን፣ ጭሱ በጭስ መውጫው ወደ ውጭ ይሄዳል። የቤቱ አየር ደግሞ በነዚሁ ቱቦዎች ውጭ እየተነፈሰ ያልፍና ሞቆ ወደየክፍሉ ይሠራጫል። ጀበናን ያስቡ፤ እሳቱ ቡናውን ያሞቀዋል እንጂ አይነካውም። እዚህም ጭሱና የምንተነፍሰው አየር በብረት ተለያይተው ይተላለፋሉ እንጂ አይገናኙም። ይህን ነገር አንባቢዬ በልቡ ይያዘው፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ግድግዳው ላይ ያለው ቴርሞስታት ክፍሉ መቀዝቀዙን ሲያውቅ ለመኪናው መልእክት ይልካል። በዘመናዊዎቹ መኪናዎች አስቀድማ የምትነሣው ጭሱን የምትስብ ትንሽ ቬንቲሌተር ናት፤ ድምፅዋም ቀጭን እዝዝታ ነው። ቀጥሎ የጋዙ ቧንቧ ቀጭ ብሎ ይከፈታል፤ እሳቱም እፍ እንደ ተባለ ቦግ ይላል። ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ብረቱ ሲግል ትልቁ ነፋሽ ይነሣል። ይህ የቤቱ ወናፍ ነው፤ አንጥረኛ ወናፉን እንደሚጫነው ሁሉ አየሩን በቱቦዎቹ ውስጥ ገፍቶ እስከ ላይኛው ፎቅ ያደርሰዋል። በመጨረሻም ቱቦዎቹ ራሳቸው ሲሞቁ ይንኳኳሉ። እንግዲህ እንደ አንድ የምንሰማው ጩኸት አራት አምስት ድምፆች በተራ የሚያሰሙት መዝሙር ነው።

የሚገርመው ነገር የጥንቱ ማሞቂያ ጸጥተኛ መሆኑ ነው። ትኩስ አየር ቀላል ስለሆነ በራሱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀዝቃዛውም ከብዶ ይወርዳል። የቀድሞዎቹ አሜሪካውያን በዚህ ብቻ ተማምነው ቤታቸውን ያለ አንዳች ሞተር ያሞቁ ነበር፤ ቱቦዎቹ ግን እንደ ግንድ የወፈሩ ስለ ነበሩ ምድር ቤቱን በሙሉ ይይዙት ነበር። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ነፋሽ ከ1930ዎቹ ጀምሮ በብዛት ሲገባ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ቱቦዎቹ ቀጠኑ፤ ሙቀቱም በየማዕዘኑ ደረሰ፤ ጩኸቱም አብሮ ገባ። ምቾት ያለ ዋጋ አይመጣምና ይኸው ዋጋው ሆነ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ሰዎችን ሳላነሣ ባልፍ ደስ አይለኝም። አንደኛው ዋረን ጆንሰን ነው። በዊስኮንሲን አገር በኋይትዋተር የመምህራን ማሠልጠኛ ያስተምር የነበረ ሰው ሲሆን፣ በ1883 በኤሌክትሪክ ለሚሠራ የክፍል ቴርሞስታት የፈጠራ መብት አገኘ። ከዚያ በፊት ዘበኛው በየክፍሉ እየገባ ሙቀቱን ማየትና ወደ ምድር ቤት ወርዶ እሳቱን ማስተካከል ነበረበት። እኔም የመምህራን ወገን ነኝና በዚህ ጥቂት ብኮራ አይፈረድብኝም። ሁለተኛይቱ በጥቁር አሜሪካውያን ፈልሳፊዎች መካከል ስሟ የሚጠራው አሊስ ፓርከር ናት። በኒው ጀርሲ በሞሪስታውን ከተማ ትኖር የነበረችው ይህች ሴት፣ በተፈጥሮ ጋዝ ለሚሠራና ለየክፍሉ የተለየ እሳትና የተለየ ቱቦ ላለው ማሞቂያ በዲሴምበር 23 ቀን 1919 የፈጠራ መብት ተሰጣት። ሌላው ሰው እንጨትና ከሰል ሲያጋዝ፣ እርስዋ ክፍሎቹን ለየብቻ ስለ ማሞቅ አሰበች።

አሁን ወደ ጩኸቱ እንግባ። የድምፅ መለኪያው ዴሲቤል ይባላል፤ እንደ ኪሎና እንደ ሜትር ግን አይደመርም። የድምፁ ኃይል እጥፍ ሲሆን ቊጥሩ የሚጨምረው 3 ብቻ ነው። ለሰው ጆሮ ጩኸቱ እጥፍ ሆኖ የሚሰማው ግን ቊጥሩ 10 ያህል ሲጨምር ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ1999 ባወጣው መመሪያ የመኝታ ክፍል ድምፅ ከ30፣ የመማሪያ ክፍል ድምፅ ደግሞ ከ35 ዴሲቤል እንዳያልፍ መክሯል። የእኔን ተማሪዎች የሚያውቅ ሰው በሁለተኛው ቊጥር ቢስቅ አልቀየመውም።

ከዚህ ስሌት አንድ ጠቃሚ ምክር ይገኛል። እኩል የሚጮኹ ሁለት ነገሮች ቢኖሩና አንዱን ፈጽመው ዝም ቢያሰኙት የሚያተርፉት 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮዎም ለውጡን በጭንቅ ይለየዋል። ስለዚህ ከሁሉ የሚበልጠውን ጩኸት ሳያገኙ ትንንሾቹን ማሳደድ ድካም ነው። አንድ ምሽት ወንበር ስበው ከመኪናው አጠገብ ይቀመጡ፤ እርሳስና ወረቀትም ይያዙ። የትኛው ድምፅ መቼ እንደሚነሣ፣ መቼም እንደሚያቆም ይጻፉ። ሐኪም በሽተኛውን ሳያዳምጥ መድኃኒት አያዝምና።

ድምፁ ሲጢጥ የሚል ከሆነ የነፋሹ ኩሽኔታ ደርቋል፤ ወይም በአሮጌዎቹ መኪናዎች ቺንጋው ላልቷል ማለት ነው። የሚንቀጫቀጭ ከሆነ የሣጥኑ ክዳን ብሎኑ ረግቦ ይሆናል፤ ይህ በመፍቻ በአንድ ደቂቃ የሚያልቅ ሥራ ነው። ወለሉና ግድግዳው አብረው የሚንዘፈዘፉ ከሆነ ደግሞ መኪናው መንቀጥቀጡን ለቤቱ እያካፈለ ነው። ለዚህ ከእግሩ ሥር ወፍራም የጎማ ንጣፍ ይደረግለታል፤ ከመኪናውና ከቱቦው መጋጠሚያ ላይም ጥቂት ላሜራ ተቈርጦ በምትኩ ለዚሁ የተሠራ፣ እሳት የማይበላው ሸራ ይገባል። ሸራው አየሩን ያሳልፋል፤ መንቀጥቀጡን ግን አያሻግርም። ይህን የሚሠራው ባለሙያ ነው፤ ተከራይ አይደለም።

ብዙ ሰው የሚደነግጠው በቱቦዎቹ ጥይት መሰል ድምፅ ነው። አንባቢዬ ግን ይህን ድምፅ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ማለዳ ፀሐይ ስትወጣ የቆርቆሮ ጣራችን ምን ይላል? ቋ! ቷ! ይላል። ማታ ሲቀዘቅዝም እንዲሁ ይደግመዋል። ብረት ሲሞቅ ይረዝማልና። ስድስት ሜትር ርዝመት ያለው የብረት ቱቦ ከ20 ወደ 55 ዲግሪ ሲሞቅ 2 ሚሊሜትር ተኩል ያህል ይጨምራል። ነገሩ ጥቂት ይመስላል፤ ቱቦው በሁለት ጫፍ በምስማር ተቸንክሮ ከተያዘ ግን መሄጃ ስለሚያጣ ገላው በድንገት ይጐብጣል፤ ያን ጊዜ ይተኩሳል። ሰፊና ስስ ላሜራ ደግሞ ነፋሹ በተነሣ ቊጥር ሆዱ ገባ ወጣ ይላል፤ የዘይት ቆርቆሮ ሲጫኑት እንደሚጮኸው ማለት ነው። መድኃኒቱ ቱቦው የታሠረበትን ቦታ ማላላት፣ እንጨት በሚነካበትም ላይ ጎማ ወይም ወፍራም ጨርቅ ጣልቃ ማስገባት ነው። ሰፊውን ገጽ ደግሞ የማዕዘን ብረት በብሎን አስይዞ ማጠንከር ነው። ጥሩ ላሜራ ሠሪ ቀድሞውኑ በቱቦው ገጽ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው እጥፋት ያወጣበታል፤ እጥፋቱ ለጌጥ ሳይሆን ላሜራው እንዳይነፋና እንዳይጮኽ ነው።

ከሁሉ የሚበዛው ግን የአየሩ የራሱ ጩኸት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ተከራይ የሚሠራውን ነገር ልንገርዎ። ጩኸቱ ሲያስመርረው በክፍሉ ያለውን የአየር መውጫ ይዘጋዋል፤ ቀጥሎም በሌላው ክፍል ያለውን ይዘጋል። ነፋሹ ግን አየሩን መግፋቱን አይተውም። በአምስት መንገድ ይሄድ የነበረው አየር በሦስት ለመሄድ ስለሚገደድ ይጣደፋል፤ ሲጣደፍም ያፏጫል። ወንዝ በሰፊ ሜዳ ሲሄድ ጸጥ እንደሚልና በጠባብ ገደል ሲገባ እንደሚያጓራ ሁሉ፣ አየርም ጠባይዋ ይኸው ነው። ስለዚህ ጩኸት ለመቀነስ መውጫዎችን መክፈት እንጂ መዝጋት አይደለም።

ፊልትሮውም እንዲሁ ነው። አየሩ ወደ መኪናው ከመግባቱ በፊት አቧራውን የሚያስቀርለት ፊልትሮ በአንድ ወይም በሁለት ወር፣ ቢበዛ በሦስት ወር መለወጥ አለበት። በአቧራ ከተደፈነ ነፋሹ አየር ለማግኘት ሲታገል እንደ ታፈነ ሰው ያቃስታል። አንዳንዱ ለጤናው ብሎ እጅግ ጥቅጥቅ ያለውን ፊልትሮ ገዝቶ ያስገባል፤ መኪናው ለዚያ ካልተሠራ አዲሱ ፊልትሮ ከአሮጌው ብሶ ያስጮኸዋል። በብዙ ቤት ዋናው ፉጨት የሚመጣውም አየሩ ተመልሶ ወደ መኪናው ከሚገባበት መስኮት ነው፤ ምክንያቱም የቤቱ አየር ሁሉ በአንዲት ጠባብ ወንፊት እንዲመለስ ስለሚደረግ ነው። ይህን መስኮት ማስፋት፣ ወይም ሁለተኛ መጨመር፣ ከብዙ ጥበብ ይበልጣል። ከመስኮቱ እስከ መኪናው ያለው መንገድ ቀጥ ያለ ከሆነ ደግሞ ድምፁ ያለ እንቅፋት ወደ ክፍሉ ይወጣል። በመካከሉ አንድ ሁለት መታጠፊያ ቢኖርና ውስጡ ድምፅ በሚውጥ ንጣፍ ቢለበስ ብዙውን ያስቀረዋል።

የነፋሹን ፍጥነት መቀነስስ? ይቻላል። ፍጥነቱ ከመቶ 20 ቢቀነስ ድምፁ ወደ 5 ዴሲቤል ይወርዳል፤ ይህ ቀላል ትርፍ አይደለም። ነገር ግን አየሩ ሲያንስ የእሳቱ ቱቦ ሙቀቱን የሚያራግፍበት ያጣል። ከመጠን በላይ ከጋለም በጊዜ ብዛት ይሰነጠቃል። በመኪናው ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ የሚገባውና የሚወጣው አየር ሙቀት በስንት ዲግሪ መለያየት እንዳለበት ተጽፏል፤ ባለሙያው ያንን በቴርሞሜትር እየለካ ብቻ ፍጥነቱን ይቀንሳል። አዲስ መኪና ለመግዛት የቻለ ሰው ደግሞ እሳቱንም ነፋሱንም እንደ ብርዱ መጠን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ይምረጥ። እርሱ ረዥም ጊዜ በዝግታ ይሠራል እንጂ በየሩብ ሰዓቱ እየተነሣ አያስደነግጥም።

እንግዲህ ቀደም ሲል በልብ ይያዝ ወዳልሁት ነገር ተመልሻለሁ፤ ከዚህ በታች ያለውን እባክዎ በጥሞና ያንብቡት። ያ ጓደኛዬ መላ እስክልክለት ድረስ አልጠበቀም። ማሞቂያው የነበረበት ጠባብ ክፍል በሩ እንደ ወንፊት ክፍተት ክፍተት ያለው ነበርና፣ ክፍተቶቹን በብርድ ልብስ ጠቀጠቃቸው። ጩኸቱም በእርግጥ ቀነሰ። መኪናውን ለመመርመር የመጣ ባለሙያ ግን ብርድ ልብሱን ገና ሲያየው ቀለሙ ተለዋወጠ፤ ነጥቆም ጣለው።

ክፍተቶቹ ለጌጥ የተሠሩ አልነበሩም። እሳት የሚበላው አየር ይፈልጋል። በአሜሪካ የግንባታ ደንብ ከቤት ውስጥ አየር ለሚስብ ማሞቂያ በእያንዳንዱ ኪሎዋት 5 ሜትር ኩብ ያህል ቦታ ሊኖረው ይገባል። የተራ ቤት ማሞቂያ 23 ኪሎዋት ቢሆን ከ110 ሜትር ኩብ በላይ ይፈልጋል፤ ይህም ርዝመቱ 7፣ ወርዱ 6 ተኩል፣ ቁመቱ 2 ሜትር ተኩል የሆነ የመማሪያ ክፍል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን መኪና በቁም ሣጥን መሰል ክፍል ውስጥ ቆልፈው ክፍተቱን ከደፈኑበት እሳቱ ይታፈናል፤ የታፈነ እሳት ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ጋዝ ይወልዳል።

ይህን ጋዝ እኛ በስሙ ባናውቀው በሥራው እናውቀዋለን። በር ተዘግቶ ከሰል ባደረበት ቤት ሰው በተኛበት የሚቀረው በዚሁ ነው። ሽታ የለውም፤ ቀለም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ይህን ጋዝ ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ጥቂቱ ብዙ ይጐዳል። በአሜሪካ አገር፣ ይህ ሁሉ ደንብ ባለበት፣ የእሳት ቃጠሎ ሳይነሣ በዚህ መርዝ ሳያውቁ የሚሞቱት ሰዎች በዓመት ከ400 በላይ ናቸው። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ምልክቱ ነው፤ በተለይም ከቤት ሲወጡ የሚተው፣ ሲመለሱ የሚነሣ ከሆነ፣ ጉንፋን ነው ብሎ መተኛት አይገባም። የማሞቂያው እሳት ሰማያዊ መሆን ይገባዋል። ቢጫ ሆኖ የሚውለበለብ ከሆነ፣ ወይም መኪናው ሲነሣ እንደ መድፍ ዱም የሚል ከሆነ፣ መኪናውን አጥፍቶ ባለሙያ መጥራት ነው። ያ ዱምታ ጋዙ ቶሎ ሳይቀጣጠል ቆይቶ፣ ከተጠራቀመ በኋላ በአንድ ጊዜ ሲነድድ የሚሰማ ነው። እንዲህ ያለውን ድምፅ መቀነስ ሳይሆን ማዳመጥ ያስፈልጋል።

የአሁኖቹ አንዳንድ መኪናዎች ከዚህ ችግር ነፃ ናቸው። ሁለት የፕላስቲክ ቱቦዎች ወደ ውጭ ወጥተውላቸው እንደሆነ በአንዱ አየር ያስገባሉ፤ በሌላው ጭሱን ይሰዳሉ። የእንዲህ ያለው መኪና ክፍል በር በጥብቅ ቢዘጋ እሳቱ አይታፈንም፤ በሩን በወፍራም እንጨት መለወጥና ዙሪያውን በጎማ መድፈንም ይቻላል። ሲደፍኑ ግን ቀዳዳ አይተዉ። ከግድግዳው ስፋት ከመቶ አንድ እጅ እንኳ ክፍት ከቀረ፣ ግድግዳው ምንም ያህል ቢወፍር ከ20 ዴሲቤል በላይ ሊያስቀር አይችልም። ድምፅ እንደ ውሃ ነው፤ በቀዳዳ ይገባል። የመኝታ ቤትዎን በር ሥር ግን አይድፈኑ፤ ብዙ ጊዜ የክፍሉ አየር ወደ መኪናው የሚመለሰው በዚያች ክፍተት ነውና።

ተከራይ የሆነ ሰው ከዚህ ሌላ በራሱ እጅ የሚያደርገው አለው። አልጋውን ከመኪናው ግድግዳ ወደ ተቃራኒው ያዙር። ወለሉ ላይ ምንጣፍ፣ መስኮቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ ያድርግ፤ ባዶ ክፍል ድምፅን እንደ ገደል ማሚቶ ይመልሳልና። የጆሮ መድፈኛም ርካሽ ነገር ነው፤ ነገር ግን በመጀመሪያ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ከመኝታው አጠገብ ተሰቅሎ፣ በመድፈኛው ውስጥ እንኳ መሰማቱን በቊልፉ እየተጫነ ይሞክረው።

ለአከራይ መናገርስ? እዚህ ላይ የእኛ ይሉኝታ ይጐዳናል። አስቸጋሪ እንዳልባል ብሎ ሦስት ወር እንቅልፍ ያጣ ሰው አውቃለሁ። በዚያ አገር ግን መኪናው ያጓራል ብሎ ማመልከት እንደ ስድብ አይቈጠርም፤ ማሞቂያውን በደኅና መያዝ የባለቤቱ ሥራ ነውና። በወረቀት ይጻፉለት፤ ቀኑንና የድምፁን ዓይነት ይግለጹ፤ ያ በእርሳስ የያዙት ማስታወሻ የሚጠቅመው ያን ጊዜ ነው። ከተቻለም በመስከረም፣ ብርዱ ሳይጀምር ይሁን፤ በታኅሣሥ ባለሙያዎቹ ሁሉ ሥራ ይበዛባቸዋል።

ፊልትሮውን ግን አከራዩ ከፈቀደልዎ ራስዎ ይለውጡት። መኪናውን ያጥፉ፤ አሮጌውን ስበው ያውጡ፤ በጠርዙ ላይ የተጻፈውን ልክ አይተው ያንኑ ይግዙ። በአዲሱ ጠርዝ ላይ ቀስት ተሥሏል፤ ቀስቱ ወደ ነፋሹ ይመልከት።